ለቤትና ለእርሻ ሥራ የሚሆን የብየዳ ኤሌክትሮድ አመራረጥና አቀማመጥ

በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በለገጣፎና በገላን አካባቢ ግቢ ይዞ ላም የሚያልብ፣ ዶሮ የሚያረባ ወይም ጓሮ የሚያለማ ሰው ብየዳ ሳያስፈልገው የሚያልፍ ዓመት እምብዛም የለውም። የግቢው በር ማጠፊያ ይላቀቃል፤ የጋጣው መከፋፈያ ቱቦላሬ በላሞቹ ግፊያ ይሰበራል፤ የውሃ ታንከሩ ማቆሚያ ይዘማል፤ የጋሪው መጎተቻ ይሰነጠቃል። በያጅ በየጊዜው መጥራትም ሆነ ዕቃውን ጭኖ ወደ ብየዳ ቤት መውሰድ ጊዜና ገንዘብ ስለሚፈጅ፣ አነስተኛ የኢንቨርተር ማሽን ገዝተው ቀላል ቀላሉን ሥራ ራሳቸው የሚሠሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ ማሽኑን ለመግዛት ሱቅ ለሱቅ የዞረ ሰው ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም ሲበየድ የሚቀልጠውን ልባስ ያለው ዘንግ፣ ሲገዛ «አንድ ፓኬት ስጠኝ» ብሎ የተሰጠውን ይዞ ይመጣል፤ ከሠራበት የተረፈውንም ከአካፋና ከሲሚንቶ ከረጢት ጎን ያስቀምጠዋል። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ሲያወጣው አርኩ (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚነደው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ይንጣጣበታል፣ ብየዳውም ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆንበታል፤ ጥፋቱንም በማሽኑ ላይ ያደርገዋል።

ይህ መመሪያ የብየዳን ሙያ ከመሠረቱ አያስተምርም፤ መበየድን ከባለሙያ ተምሮ በግቢው ለሚሠራ ሰው ኤሌክትሮድ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚቀመጥ ያስረዳል። እነዚህን ሁለት ጉዳዮች አንድ ላይ ያቀረብኳቸው የማይነጣጠሉ ስለሆኑ ነው። ደረቅ አድርገው ማቆየት የማይችሉትን ዓይነት፣ ጥንካሬው የቱንም ያህል ቢወደስ፣ ገዝተው መደርደር አይጠቅምዎትም። በሚገባ የተያዘ ተራ ኤሌክትሮድ እርጥበት ከገባው ውድ ኤሌክትሮድ የተሻለ ብየዳ ይሰጣል።

አንደኛ፦ ከመግዛትዎ በፊት ሥራውንና ብረቱን ይለዩ

በግቢዎ ውስጥ ምን ምን እንደሚበየድ በወረቀት ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የብረቱን ዓይነትና የግድግዳውን ውፍረት ይመዝግቡ። የበርና የመስኮት ቱቦላሬ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለታንከር ማቆሚያ የሚሆን አንግል ብረት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የጋሪ አክስልና የተጎታች ማያያዣ ደግሞ ከዚያም ይወፍራል። ውፍረቱን በዓይን ከመገመት በካሊፐር መለካት ይመረጣል፤ ካሊፐር ከሌለ የተቆረጠውን ጫፍ ከማስመሪያ ጋር ማስተያየት ይበቃል።

የብረቱ ዓይነት ከውፍረቱ ይበልጣል። ቱቦላሬ፣ አንግል ብረትና ላሜራ በአብዛኛው ካርቦናቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ያለ ችግር ይበየዳሉ። ከባሌስትራ የተሠራ ማረሻ፣ መጥረቢያ ወይም መቆፈሪያ ግን ካርቦኑ ከፍተኛ ነው፤ በተራ ኤሌክትሮድ ሳይሞቅ ከተበየደ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ይደርቅና ይሰነጠቃል። የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ቀፎ ብዙውን ጊዜ ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ነው። ፌሮ ደግሞ ሁሉም ዓይነት አንድ አይደለም፤ ለአጥርና ለአበባ መደገፊያ ቢበየድ አያሳስብም፣ የቤት ምሰሶና ጣሪያ የሚሸከመውን ፌሮ ግን መሐንዲስ ሳይፈቅድ አይበይዱ።

ሁለተኛ፦ ማሽንዎ ምን ዓይነት ኤሌክትሮድ እንደሚያቃጥል ያረጋግጡ

አሮጌው በትራንስፎርመር የሚሠራ ከባድ ማሽን ብዙውን ጊዜ ተለዋዋጭ ፍሰት (ኤሲ) ይሰጣል፤ አነስተኛው ኢንቨርተር ቀጥተኛ ፍሰት (ዲሲ) ይሰጣል። ልዩነቱ ለምርጫው ወሳኝ ነው፤ አንዳንዱ ኤሌክትሮድ በቀጥተኛ ፍሰት ብቻ ይነዳልና። 6010 የሚባለው (የቁጥሮቹ ትርጉም በሚቀጥለው ክፍል ይብራራል) ለምሳሌ በቀጥተኛ ፍሰት፣ መያዣው በፖዘቲቭ በኩል ሲገባ ብቻ ይሠራል፤ ብዙዎቹ ትናንሽ ኢንቨርተሮችም አርኩን ይዘው ማቆየት አይችሉም። 7018 በትራንስፎርመር ማሽን ላይ እየጠፋ የሚያስቸግረው ማሽኑ ሳይበየድበት የሚሰጠው ቮልቴጅ ዝቅተኛ ሲሆን ነው፤ ወደ 70 ቮልት ያህል ይፈልጋል። 6013 ግን 50 ቮልት በሚሰጥ ማሽን ላይ እንኳ በቀላሉ ይነሣል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከቆጣሪው እስከ ጋጣው ያለው ርቀት ረጅም ሲሆንና ገመዱ ሲቀጥን፣ በተለይም አመሻሹ ላይ ሁሉም ቤት ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት፣ ወደ ማሽኑ የሚደርሰው ኃይል ከ220 ቮልት ብዙ ይወርዳል። ያን ጊዜ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ሰውየውም ኤሌክትሮዱ ረጥቧል ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ኤሌክትሮዱን ከመውቀስዎ በፊት ያንኑ ኤሌክትሮድ ጠዋት፣ ከቆጣሪው አጠገብ፣ በአጭርና በወፍራም ገመድ ይሞክሩት። ለማራዘሚያ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያነሰ ገመድ አይጠቀሙ፤ ርቀቱ ከጨመረ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሻላል። የመሬት ገመዱ መቆንጠጫ የሚይዝበት ቦታም ቀለሙና ዝገቱ እስኪነሣ ይፋቅ።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩን ማንበብ ይማሩ

በኤሌክትሮዱ ልባስ ላይ፣ ከመያዣው ጫፍ አጠገብ፣ ከኢ ፊደል ቀጥሎ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ታትሟል። ይህ የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር አጠራር ሲሆን በእኛም ገበያ በስፋት የሚታወቀው እርሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የብየዳውን ዝቅተኛ የመሳብ ጥንካሬ (ሲሳብ ሳይበጠስ የሚችለውን ጫና) በሺህ ፓውንድ በካሬ ኢንች ይገልጻሉ፤ 60 ማለት 60,000፣ 70 ማለት 70,000 ነው። ሦስተኛው አኃዝ ኤሌክትሮዱ በየትኛው አቅጣጫ ሊበየድበት እንደሚችል ይናገራል፤ 1 ከሆነ በጠፍጣፋ፣ በአግድም፣ በቋሚና ከራስ በላይ ይበየድበታል፤ 2 ከሆነ ለጠፍጣፋና ለአግድም ሥራ ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በአንድነት የልባሱን ዓይነትና የሚስማማውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ያመለክታሉ።

ልባሱን ማወቅ የተገባው የሥራው ግማሽ እርሱ ስለሆነ ነው። ውስጥ ያለው ሽቦ ቀልጦ መገጣጠሚያውን ይሞላል፤ ልባሱ ደግሞ ሲቃጠል የቀለጠውን ብረት ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን የሚከላከል ጋዝ ይፈጥራል፣ አርኩን ያረጋጋል፣ ከላይም ስላግ የሚባል ቅርፊት ሆኖ ይሸፍነዋል። እርጥበት የሚጠጣው ይኸው ልባስ ነው። በጫፉ ላይ ባለው ቀለም ብቻ ተመርቶ መግዛት ያሳስታል፤ ቀለሙ ከአምራች ወደ አምራች ይለያያልና ቁጥሩን ያንብቡ።

አራተኛ፦ ለሥራው የሚስማማውን ዓይነት ይምረጡ

ለቤትና ለእርሻ ሥራ አብዛኛው የሚያልቀው በ6013 ነው። ልባሱ ሩታይል በሚባል ማዕድን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አርኩ በቀላሉ ይነሣል፣ ፍንጣሪው ትንሽ ነው፣ ስላጉም በቀላሉ ይላቀቃል፣ በሁለቱም ዓይነት ማሽን ይሠራል። ወደ ብረቱ ብዙ ጠልቆ አለመግባቱ ለስስ ቱቦላሬ ጥቅም ነው፣ ቶሎ አይበሳውምና። ለዝገታምና ለቆሻሻ ብረት ግን ደካማ ስለሆነ መገጣጠሚያውን በግራይንደር ወይም በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ማጽዳት የግድ ነው። ለጀማሪም ሆነ ለአዘውታሪ፣ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ብቻ ይኑር ቢባል ያለማመንታት 6013 እላለሁ።

6011 ልባሱ ከሴሉሎስ የተሠራ ነው። ጠልቆ ይገባል፤ ዝገትና የቀለም ቅሪት ያለበትን ብረት፣ አጽድቶ ለመጨረስ የሚያስቸግረውን የጋሪ ሳንቃ መያዣ ይይዛል፤ በተለዋዋጭም በቀጥተኛም ፍሰት ይነዳል። ፍንጣሪው ብዙ፣ ፊቱም ሻካራ ነው፤ ስስ ቱቦላሬንም ይበሳል። የቆየ የእርሻ መሣሪያ በብዛት የሚጠግን ሰው ጥቂት ቢይዝ ይጠቀምበታል።

7018 ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ያለውና በልባሱ ውስጥ የብረት ዱቄት የተጨመረበት ነው። ብየዳው ጠንካራና የማይሰባበር ስለሆነ ሰው ወይም ከባድ ጭነት ለሚሸከም ነገር፣ ማለትም ለአክስል፣ ለተጎታች ማያያዣና ለወፍራም መቀመጫዎች ተገቢው እርሱ ነው። ነገር ግን ጥንካሬው የተመሠረተው በደረቅነቱ ላይ ነው። እርጥበት የገባው 7018 ሲበየድ ውሃው ወደ ሃይድሮጅን ይለወጥና ወደ ቀለጠው ብረት ይገባል፤ ብረቱ ከቀዘቀዘ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ ላዩ ምንም ሳይመስል፣ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ይህ አደጋ ብረቱ በወፈረና ካርቦኑ በጨመረ ቁጥር ይብሳል። እንግዲህ 7018ን የሚገዙ ከሆነ አቀማመጡን ከታች እንደተገለጸው መፈጸም የሚችሉ መሆን አለብዎት፤ ካልቻሉ አክስሉን ማድረቂያ ምድጃ ላለው ብየዳ ቤት ይውሰዱት። ይህን የምለው በጥብቅ ነው፤ በቁልቁለት መንገድ ጭነት ይዞ የሚወርድ ጋሪ መጎተቻው ቢለቅ የሚጎዳው ሰው ነው።

ለሌሎቹ ብረቶች የተለየ ኤሌክትሮድ አለ። ካስት አይረን በኒኬል ኤሌክትሮድ፣ በአጫጭር መስመርና ቀስ ብሎ በማቀዝቀዝ ይበየዳል። የማይዝግ ብረት በ308ኤል፣ የማይዝግን ከተራ ብረት ጋር ማገናኘት ደግሞ በ309ኤል ይሠራል። የአልሙኒየም የወተት ዕቃ ግን ከዚህ መመሪያ ውጪ ነው፤ የአርጎን ጋዝ ብየዳ ላለው ባለሙያ ይስጡት። እነዚህ ውድ ስለሆኑ በፓኬት ከመግዛት ለሥራው የሚበቃውን ብቻ በቁጥር መግዛት ይበጃል።

አምስተኛ፦ የኤሌክትሮዱን ውፍረት ከብረቱ ጋር ያገናኙ

የኤሌክትሮድ ውፍረት የሚለካው በውስጡ ባለው ሽቦ እንጂ ከነልባሱ አይደለም። በገበያ በብዛት የሚገኙት 2.0፣ 2.5፣ 3.2 እና 4.0 ሚሊ ሜትር ናቸው። እስከ 2 ሚሊ ሜትር ለሚደርስ ቱቦላሬ 2.0 ወይም 2.5 ይሆናል፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብረት 2.5፤ ከ4 በላይ ለሆነው 3.2 ይስማማል። 4.0 ለግቢ ሥራ አልፎ አልፎ ካልሆነ አያስፈልግም፤ አነስተኛው ማሽንም አይገፋውም።

ለ6013 መነሻ የሚሆነው የአምፔር መጠን ለ2.0 ከ40 እስከ 60፣ ለ2.5 ከ60 እስከ 90፣ ለ3.2 ከ90 እስከ 130፣ ለ4.0 ከ130 እስከ 180 ገደማ ነው። በፓኬቱ ላይ የአምራቹ ቁጥር ካለ እርሱን ያስቀድሙ። በቋሚ ሲበይዱ ከመካከለኛው ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። በማሽኑ ላይ 200 የሚል ቁጥር ስለተጻፈ ብቻ 200 አምፔር እንደሚሰጥ አድርገው አይቁጠሩ፤ በርካሽ ማሽኖች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከትክክለኛው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

ስድስተኛ፦ ሱቅ ውስጥ ሳሉ ይመርምሩ

መርካቶም ይግዙ በአካባቢዎ ካለ የብረታ ብረት መደብር፣ ፓኬቱን ከመክፈልዎ በፊት በእጅዎ ይያዙት። የላስቲክ መጠቅለያው ያልተቀደደ፣ ካርቶኑም ያላበጠና የውሃ እድፍ የሌለበት መሆን አለበት። ዓይነቱ፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ የአምፔሩ መጠንና የምርት መለያ ቁጥሩ በግልጽ ያልታተመበትን ፓኬት አይውሰዱ። ሻጩ ፓኬቶቹን የት እንደሚያስቀምጥም ይመልከቱ፤ በር ላይ ዝናብ በሚያገኘው ወለል ላይ የተከመረ ከሆነ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ከአንድ ፓኬት በላይ የሚገዙ ከሆነ «ወንድሜ፣ አንዱን እዚሁ ልክፈተው» ማለት ነውር የለውም፤ ዕቃውን የሚያምን ነጋዴ አይከለክልዎትም። አንድ ኤሌክትሮድ ያውጡና አርኩ የሚነሣበትን ጫፍ ወደ ዓይንዎ አዙረው ይመልከቱ። የሽቦው ክብ በልባሱ ክብ መሐል ላይ በትክክል መቀመጥ አለበት። በአንድ ጎን ልባሱ ወፍሮ በሌላው ከሳሳ፣ ሲቃጠል የወፈረው ጎን ሳይቀልጥ ወደ ፊት ይቀርና አርኩን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ እጅዎ ምንም ቢሰለጥን መስመሩ አይቀናልዎትም። ቀጥሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትዎ ይዳስሱት፤ ስንጥቅ፣ ጉርብጥና ወይም የተላጠ ቦታ ካለ አይሆንም። መያዣው የሚነክሰው ራቁት ጫፍ ብርማ መሆን አለበት፤ ቡናማ ዝገት ካዩበት እርጥበት አግኝቶታል ማለት ነው። በልባሱ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ካበቀለ ደግሞ በልባሱ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ከእርጥበትና ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ላይ ወጥቷል፤ እንዲህ ያለው ለረጅም ጊዜ በእርጥብ ቦታ የተቀመጠ ነውና ይተዉት።

በመጨረሻ ሁለት ኤሌክትሮድ በሁለት እጅ ጫፋቸውን ይዘው እርስ በርስ ቀስ አድርገው ያጋጩ። ደረቁ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ያሰማል፤ እርጥቡ የታፈነና ቶሎ የሚጠፋ ድምፅ አለው። ጆሮ የሚለምደው ምርመራ ስለሆነ በቤትዎ ደረቅ መሆኑን እርግጠኛ ከሆኑበት ጋር እያወዳደሩ ይለማመዱት።

ስለ መጠን፦ ፓኬቶች ብዙውን ጊዜ 2.5 ወይም 5 ኪሎ ግራም ናቸው። ለአንድ ግቢ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ 6013 አንድ ፓኬት፣ 3.2 ደግሞ ግማሽ ያህል በቂ ነው። በርካሽ ተገኘ ብሎ ካርቶን ሙሉ መግዛት፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት የሚጠጣ ንብረት ማከማቸት ነው። ትልቁን ግዢ ለጥቅምትና ለኅዳር ያቆዩት፤ ዝናቡ ቆሞ አየሩ የሚደርቀውም፣ የግቢ ሥራ የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው።

ሰባተኛ፦ በደረቅ ቦታ ያስቀምጡ

ኤሌክትሮድ የሚቀመጥበት ክፍል አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሐምሌና በነሐሴ የውጪው አየር ከዚህ በላይ ሆኖ ይከርማል፤ የሱሉልታና የእንጦጦ ጀርባ ደጋው ደግሞ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የቆርቆሮ ጣሪያ ከውስጥ ሲያልበው ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ኤሌክትሮድን የሚያበላሸው ዝናቡ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየርና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ጭምር ነው።

የማይቀመጥባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል። የሲሚንቶ ወለል ከሥሩ እርጥበት ስለሚስብ ፓኬት በቀጥታ አይቀመጥበትም፤ የጭቃም ሆነ የብሎኬት ግድግዳም አይደገፍበትም። ጋጣ አጠገብ ያለው የመኖ ክፍል ከላሞቹ ትንፋሽና ከሽንታቸው የሚነሣ እርጥበት አለበት። ማድ ቤትም ምንም ቢሞቅ የእንጀራና የወጥ እንፋሎት የሚሞላበት ስለሆነ አይሆንም። ተመራጩ ከመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ ክፍል ነው፤ በእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ ከወለሉ ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ፣ ልጆች የማይደርሱበት።

ለተከፈተ ፓኬት አየር የማያስገባ ማስቀመጫ ይሥሩ። ርካሹና ጥሩው 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ነው። በ40 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡት፤ ኤሌክትሮዶቹ አብዛኛውን ጊዜ 30 ወይም 35 ሳንቲ ሜትር ስለሆኑ ይበቃቸዋል። የታችኛውን ጫፍ በክዳን በማጣበቂያ ይዝጉት፤ ለላይኛው ጎማ ያለው በጥምዘዛ የሚዘጋ ክዳን ይግጠሙለት። አየር አለማስገባቱን ለማረጋገጥ ደረቅ ሶፍት ውስጡ አድርገው ይዝጉትና በባልዲ ውሃ ውስጥ ደፍቀው ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ ሲከፍቱት ሶፍቱ ከረጠበ ክዳኑ ይስተካከል። ውስጡ ከአዲስ ጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን፣ እርጥበት የሚስቡ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ይጨምሩ። ጥራጥሬና ጨው ይህን ሥራ አይተኩም፤ ጨው እንዲያውም ዝገት ያፋጥናል። ለእያንዳንዱ ዓይነትና ውፍረት የራሱ ቱቦ ይኑረው፤ በላዩም ዓይነቱንና የተከፈተበትን ወር ይጻፉበት። ከፓኬቱ ላይ የአምፔሩን ሠንጠረዥ ቆርጦ ቱቦው ላይ መለጠፍም ጥሩ ልማድ ነው።

ከዚህ ከፍ ያለ ማስቀመጫ የሚፈልግ ሰው ሞተሩ የሞተ አሮጌ ማቀዝቀዣ ከምን አለሽ ተራ ወይም ከጠጋኝ ቤት ገዝቶ በታችኛው ክፍሉ 40 ዋት የሆነ የሚሞቅ አምፖል ሊያስገጥም ይችላል፤ ኤል ኢ ዲ አምፖል ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ አይጠቅምም። ከታችና ከላይ ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ ይበሱለት፤ እርጥቡ አየር በላይ ይወጣል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የአንድ ክፍል አየር 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ካርቶን አምፖሉን እንዳይነካ፣ ገመዱ እንዲሸፈን፣ የብረት አካሉም ከመሬት ጋር እንዲገናኝ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው።

ይህ የአምፖል ሳጥን ለ6013 በቂ ነው፤ ለ7018 ግን አይበቃም። የተከፈተ 7018 የሚቀመጠው ከ120 እስከ 150 ዲግሪ በሚጠብቅ ምድጃ ውስጥ ነው፤ ከምድጃው ከወጣ በኋላም በተለመደው ደንብ በ4 ሰዓት ውስጥ መበየድ ይኖርበታል። ምድጃ የሌለው ሰው ሊያደርግ የሚችለው በአየር አልባ መጠቅለያ የታሸገ ትንሽ ፓኬት ገዝቶ ሥራው በሚሠራበት ቀን ከፍቶ መጨረስ ነው። የተረፈውን ለማያሰጋ ሥራ፣ ለአጥርና ለመደርደሪያ፣ ያውለው።

6011 ደግሞ ተቃራኒ ነው። የሴሉሎስ ልባስ በተፈጥሮው ጥቂት እርጥበት ይፈልጋል፤ ከልክ በላይ ከደረቀ አርኩ ይበላሻል። ስለዚህ ከአምፖል ሳጥኑም ሆነ ከምድጃ ውጪ፣ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ፣ በክፍሉ ሙቀት ይቀመጥ። ሁሉንም አንድ ላይ ማሞቅ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስለሆነ ትኩረት ይስጡት።

ስምንተኛ፦ የረጠበውን መለየትና ማድረቅ

ሲበየድ የሚንጣጣ፣ እንፋሎት የሚያወጣ፣ ልባሱ እየተሰነጠቀ የሚረግፍና በብየዳው ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች የሚተው ኤሌክትሮድ ረጥቧል። 6013 ከሆነና ልባሱ ካልላላ፣ በ100 ዲግሪ ገደማ ለአንድ ሰዓት ያህል ማድረቅ ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል፤ ፓኬቱ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እርሱን ይከተሉ። ኤሌክትሮዶቹን ሳይደራረቡ ዘርግተው በቀዝቃዛ ምድጃ ያስገቡና ሙቀቱን ቀስ ብለው ይጨምሩ፤ በድንገት ከሞቀ ውስጡ ያለው ውሃ ልባሱን ይሰነጥቀዋል።

በከሰል ምድጃ ላይ መደርደር ወይም ከፍም አጠገብ ማቆም ግን ጉዳት ነው። አንዱ ጎን ሲቃጠል ሌላው እርጥብ ይቀራል። የእንጀራ ምጣድም ሆነ ዳቦ የሚጋገርበት ምድጃ ለዚህ ሥራ መዋል የለበትም፤ በ7018 ልባስ ውስጥ ለምሳሌ የፍሎራይድ ውህድ ስላለ ምግብ ከሚነካው ዕቃ ጋር አይገናኝ። ለዚህ ብቻ የተመደበ አሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይያዙ። 7018ን መልሶ ማድረቅ እንደ አምራቹ መመሪያ ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ያህል ስለሚጠይቅና ይህም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚፈቀድ፣ እስከ 250 ዲግሪ የሚደርስ የቤት ምድጃ አይችለውም። ውሃ ውስጥ የወደቀ፣ የማንኛውም ዓይነት ኤሌክትሮድ ቢሆን፣ ይጣል።

ዘጠነኛ፦ በሥራው ቀን

ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ፓኬት ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ወዲያው አይክፈቱት፤ ክፍሉን እስኪመስል ይቆይ፣ ካልሆነ ጤዛ ልባሱ ላይ ይቋጠራል። ከቱቦው ለሥራው የሚበቃዎትን ያህል ብቻ ያውጡና ክዳኑን ወዲያው ይዝጉ። በእርጥብ ሣር ወይም በመሬት ላይ አያጋድሟቸው፤ በእርጥብ ጓንትም አይያዟቸው። የጋልቫናይዝድ ብረት የሚበይዱ ከሆነ የዚንኩን ሽፋን ከመገጣጠሚያው ዙሪያ አስቀድመው ይፋቁ፣ በነፋሻ ቦታም ይሥሩ፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል፤ ወተት መጠጣትም አይከላከለውም።

ኤሌክትሮዱን እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ ተጠቅመው ቀሪውን ቁራጭ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያጠራቅሙ። ላም በሚውልበት ግቢ ይህ ጥንቃቄ ግዴታ ነው። ላም መኖዋን ሳትመርጥ ስለምትውጥ፣ ከሣር ጋር የገባ የሽቦ ቁራጭ ሁለተኛው ሆድ ውስጥ ያርፍና ግድግዳውን በስቶ ወደ ልቧ ሊደርስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀውም መብላት ስታቆምና ወተቷ ሲቀንስ ነው። ሥራው ሲያልቅ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በገመድ አስረው የበየዱበትን ቦታ፣ በተለይም የመኖ ገንዳውን ዙሪያ፣ ቀስ ብለው ይጥረጉት፤ ላሞቹን ወደ ቦታው የሚመልሱት ከዚያ በኋላ ነው።